ማን ቆጠበ?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር ሁላችንም ገበያ ወጣን። የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ዋጋ ወዲያው ሰማይ ነካ። ትምህርት ቤት ቢዘጋም የኔ ደመወዝ አልተቋረጠም። ታክሲ የለ፣ ሰርግ የለ፣ ብር ተረፈኝ። ቁጠባ የቻልኩ መስሎኝ ነበር።

ጎረቤቴ ግን የቀን ሠራተኛ ነው። ሥራው ቆመ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል እቁባችንም ቆመ፤ እሱ ገና ዕጣ አልደረሰውም። የነበረችውን ጥሪት በልቶ ጨረሰ።

መስከረም 2013 ላይ ብር ሲቀየር፣ ባለ 200 ኖት ሲመጣ፣ ብዙ ሰው ቤቱ የደበቀውን ይዞ ባንክ ተሰለፈ። ጎረቤቴ ምን ይዞ ይሰለፍ?

ተማሪዎቼ፣ የዚያን ዘመን ታሪክ ስትጽፉ "ሕዝቡ ቆጠበ" ብላችሁ እንዳታልፉ። ማን ቆጠበ? ማንስ ጥሪቱን በላ? ብላችሁ ጠይቁ።