የሬዲዮ ማዞሪያና የእጅ ድርሻ

ሰው በቤቱ ተቀምጦ ዜማና ወሬ የሚሰማባቸው መሣሪያዎች ታሪክ ሲጻፍ ነገሩ ሁሉ የጆሮ ተደርጎ ይቈጠራል፤ ማዞሪያውን የሚይዘው እጅ እምብዛም አይነሣም። ሆኖም በሬዲዮ የመጀመሪያ ዓመታት ሰሚው ከመሣሪያው ያገኘው ደስታ እኩሌታው የጣት ደስታ ነበር ማለት ይቻላል። ይህ ደስታ ከምን እንደ መጣና ወዴት እንደ ሄደ መመርመር ለቤት ዕቃ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ለሰው ልማድ ጥናትም ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከሬዲዮ በፊት ግራሞፎን ነበረ። በዚያ ጊዜ እጅ የሚሰጠው ጉልበቱን ነው፤ መዘውሩን አዙሮ ሞላውን ካጠበቀ በኋላ ሥራ ይፈታል፤ ሸክላው የያዘውን ብቻ ያሰማልና።

ሬዲዮ ሲመጣ የእጅ ሥራ ተለወጠ። አሜሪካዊው ሊቅ ሉዊስ አላን ሄዝልታይን በፈለሰፈውና በ1923 ለገበያ በቀረበው፣ ኒውትሮዳይን በተባለው ዓይነት ሬዲዮ ፊት ላይ ሦስት ታላላቅ ማዞሪያዎች ተደርድረው ነበር። አንዱን ጣቢያ ለመያዝ ሦስቱም በአንድ የሞገድ ልክ ላይ ተስማምተው መቆም ነበረባቸው፤ አንዱ ጥቂት ቢያልፍ ድምፁ ይደክማል ወይም ይጠፋል። ስለዚህ የቤቱ ባለቤት ሌሊት ተቀምጦ፣ አንዱን በቀኝ ሌላውን በግራ እጁ በቀስታ እያንቀሳቀሰ፣ ከጩኸቱ መካከል ሩቅ ከተማ ሲናገር ሲሰማ ደስታው የአዳኝ ደስታ ነበር። ማዞሪያዎቹ የቆሙበትን ቍጥርም በደብተር መዝግቦ በማግስቱ ወደዚያው ይመለስ ነበር።

በ1920ዎቹ ማብቂያ ሦስቱ በአንድ ዘንግ ተያያዙና ማዞሪያው አንድ ሆነ። ሥራው ቀለለ፤ ደስታው ግን አልጠፋም፤ እንዲያውም ጠራ። ማዞሪያው ሲዞር ከኋላው የተጠመጠመው ክር ይሳባል፤ መርፌው በመስታወቱ ላይ ይሄዳል፤ ስስ የብረት ቅጠሎችም ሳይነካኩ በሌሎች ቅጠሎች መካከል ይገባሉ። በተሻሉት ሬዲዮዎች ከዘንጉ ላይ ከባድ መዘውር ስለሚደረግ፣ ጣት አንድ ጊዜ ቢገፋው መርፌው በራሱ ግፊት ርቆ ይንሸራተታል። በአውሮፓ በተሠሩት መስታወት ላይ ሂልቨርሰም፣ ሉክሰምቡርግ፣ አትሎን የሚሉ ስሞች ተጽፈው ነበርና እጅ ከአገር ወደ አገር ይጓዝ ነበር ማለት ነው። የድምፁ ማዞሪያም የራሱ ጥበብ አለው። የድምፁ ኀይል ዐሥር እጥፍ ሲጨምር ለጆሮ ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ያደገ ይመስለዋል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከማዞሪያው ሥር ኤሌክትሪኩን የሚያግደውን ክፍል፣ መጀመሪያ ላይ በጥቂቱ ወደ መጨረሻው በብዛት እንዲለቅ አድርገው ሠሩት፤ በዚህም እጅ እኩል በዞረ መጠን ጆሮም እኩል የጨመረ ሆኖ ይሰማዋል። ከሬዲዮ ጥበብ ሁሉ እንደዚህ ያለ ምስጋና የቀረበት ሥራ ጥቂት ነው።

ያ ትንሽ ማዞሪያ የፍርሃት ቦታም ሆኖ ያውቃል። በጀርመን የናዚ መንግሥት በ1939 ጦርነቱ እንደ ተጀመረ የውጭ አገር ጣቢያ መስማትን በሕግ ከለከለ፤ የሰማውን ያሠራጨ ሰው በከባድ ጊዜ እስከ ሞት ሊቀጣ ይችል ነበር። ይህን የሚያስታውስ የወረቀት ካርድም በሬዲዮው ማዞሪያ ላይ እንዲንጠለጠል ተደረገ፤ ጣት ማዞሪያውን ሊይዝ ሲል መጀመሪያ የሚያገኘው ማስፈራሪያውን ነበር። ሎንዶንን በስውር የሰማ ሰው ሲጨርስ መርፌውን ወደ ተፈቀደው ጣቢያ መመለስ ነበረበት፤ የቆመበት ቦታ ይመሰክርበታልና።

እጅን ከመሣሪያው የማራቅ ሐሳብ የመጣውም በዚያው ዘመን ነው። ፊልኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለ1939 ካወጣቸው ሬዲዮዎች ከአንዳንዶቹ ጋር፣ እንደ ስልክ መደወያ የሚዞርና ያለ ሽቦ ከሩቅ የሚያዝ ሳጥን ሸጠ። ከጊዜ በኋላ ማዞሪያው ራሱ ሞገዱን መያዙን ተወና ትእዛዝ አስተላላፊ ብቻ ሆነ። አፕል በ2001 ባወጣው አይፖድ ላይ የነበረው መዘውር በእርግጥ ይዞር ነበር፤ በ2002 የወጣው ግን አይዞርም፤ ጣት ብቻ ይንሸራተትበታል። ቀጭ ቀጭ የሚለውም ድምፅ የጥርስ ሳይሆን በሳጥኑ ውስጥ ከተደበቀች ትንሽ ድምፅ ሰጪ የሚወጣ ነበር። (በአማርኛ ሬዲዮ እንደ በር «ይከፈታል»፣ «ይዘጋል» መባሉ የእጅን ሥራ በቋንቋ ውስጥ ያቆየ ይመስላል።)

በዛሬዎቹ ውድ ድምፅ ማጉያዎች ላይ ማዞሪያው ከወፍራም አሉሚኒየም ተቀርጾ ይሠራል፤ ከኋላው ያለው ግን ብዙ ጊዜ መዞሩን ብቻ የሚቈጥር ትንሽ መሣሪያ ነው። ክብደቱ ለሥራ ሳይሆን ለትዝታ የተጨመረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዐይነ ስውር ሰሚ ግን ነገሩን በሌላ ሚዛን ይመዝነዋል፤ በቀድሞው ማዞሪያ ላይ የነበረው ምልክት የቆመበት አቅጣጫ፣ ሬዲዮው ገና ሳይከፈት የድምፁን ልክ ለጣቱ ይነግረው ነበር፤ ለስላሳው መስታወት ግን የሚናገር ድምፅ ካልተጨመረለት በቀር ለጣት የሚነግረው ነገር የለም።