የንስሐ አባቶች ያከሙት

በአገራችን ስለ መንፈሳዊ ፈውስ ሲወራ ቶሎ የሚነሳው ጠበል ነው፤ ጩኸቱ፣ መቁጠሪያው፣ «ስምህ ማነው? ከየት ያዝካት?» የሚለው ምርመራ። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ግን በአእምሮ ሕሙማን ነርስነት ነው። ከሁለቱም ወገን ሆኜ ስመለከት፣ ታሪካችን ጩኸቱን መዝግቦ፣ ድምፁን ሳያሰማ ሲያክም የኖረውን የንስሐ አባት ዘንግቶታል እላለሁ።

ጩኸቱ ቢመዘገብ አይገርምም፤ ቤተ መንግሥት ሳይቀር ገብቶበታልና። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን ሲያሳድዱ፣ ሕዝቡ ሰይጣንን መካዱን የሚናገር ጽሑፍ በግንባሩና በክንዱ ላይ እንዲያደርግ አዘዙ። በዚሁ ክስ የገዛ ልጆቻቸው እንኳ ከቅጣት አላመለጡም። ከሰይጣን እስራት እፈታለሁ ያለው መንግሥት ራሱ አሳሪ ሆኖ አረፈው።

ሕዝቡ በበኩሉ ክታቡን አልተወም። ደብተራው የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ፍቆ፣ ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጥለዋል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ነው። ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ውርዝልያን በጦር ሲወጋ ይሳልበታል። ውርዝልያ ሕፃናትን ትገድላለች ተብላ የምትፈራ ርኩስ መንፈስ ናትና፣ ጽንስ የሚጨናገፍባቸውና ልጅ የሞተባቸው ሴቶች ይህን ክታብ አጥብቀው ይፈልጉት ነበር። ዛሬ በአውሮፓ ሙዚየሞች መስታወት ውስጥ እንደ ጥበብ ሥራ የምናየው ጥቅል የአንዲት እናት ሐዘን ቁመቷን ያህል ተለክቶ የተጻፈበት ነው።

ከዚህ ሌላ ዛር አለ። በ1924 ዓ.ም. ክረምት ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋር ጎንደር ላይ መልካም አየሁ ከምትባል ባለዛር ቤት እየተመላለሰ ያየውን ጽፏል። ዛር በጠበል እንደሚወጣው ርኩስ መንፈስ አይባረርም፤ ይለማመጡታል፣ ይደራደሩታል፣ በግ ያርዱለታል፣ ቡና ያፈሉለታል። ቤተ ክርስቲያን አጥብቃ ታወግዘዋለች፤ ደጁን የሚጠኑት ግን ማተብ ያሰሩ ሴቶች ነበሩ። ለምን ቢባል፣ ሴትዮዋ በደህናው ቀን ትንፍሽ የማትለውን በዛሩ አፍ ትናገረዋለች፤ ባሏን ትገሥጻለች፣ አዲስ ቀሚስ ታስገዛለች።

አሁን ወደ ንስሐ አባት ልምጣ። ፈውስ መንፈሳዊ የተባለው መጽሐፍ በጎንደር ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሷል። ለየኃጢአቱ የሚሰጠውን ቀኖና የሚዘረዝር ነው፤ ስሙ እንደሚለው ቀኖናው መድኃኒት፣ ካህኑም ሐኪም ነው። መጽሐፉ ሕጉን ይናገራል እንጂ አንድ ቄስ ከአንዲት ያዘነች ሴት ፊት ተቀምጦ ምን እንደሚያደርግ አያሳይም። ያንን ያየሁት ከአባቴ ነው።

አባቴ ሸዋ ገጠር ውስጥ የብዙ ቤት የንስሐ አባት ነበር። ጥላውን ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል፣ ጠበል ይረጫል፣ መስቀል ያሳልማል፣ ከዚያ ጠላ እስኪቀዳለት ቁጭ ይላል። ዋናው ሥራው ያ ቁጭ ማለት ነበር። (ድግስ ሲሸታቸው ብቻ ብቅ ስለሚሉ የሚታሙ ካህናትም እንደነበሩ አልክድም።) አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ወንዝ ከወሰደባት በኋላ እህል አልቀምስ አለች፤ ሌሊት ሌሊት ትጮኻለች። ቤተሰቧ «ዓይነ ጥላ ነው» ብለው አስረው ጠበል ሊወስዷት ገመድ አዘጋጁ። አባቴ ገመዱን አስመለሰ። በመጀመሪያው ቀን ምንም አልጠየቃትም፤ አጠገቧ ዳዊቱን ደግሞ ሄደ። በነጋታውም እንዲሁ። ውሎ አድሮ ራሷ አፏን ከፈተች፤ ልጁን ውኃ ቅዳ ብላ የላከችው እሷ ነበረች። ቀኖና ስጡኝ፣ ስግደት እዘዙልኝ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። «ልጄ፣ ራስሽን የቀጣሽው ይበቃል፤ ስግደት አልሰጥሽም» አላት። ይልቅ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ በየዓርቡ ዳቦ ጋግራ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላሉ ነዳያን እንድታካፍል አዘዛት። አባቴ የንስሐ ምስጢር አውጥቶ አያውቅም፤ ይህን የነገረችኝ እሷው ናት፣ ካረጀች በኋላ።

ነርስነት ስማር በሐዘን ውስጥ ስለሚደበቅ የጥፋተኝነት ስሜት ረጅም ትምህርት ተሰጠን። ትምህርቱ ያቺን የዓርብ ዳቦ የመሰለ ማዘዣ ግን አልነበረውም።

አባቴን የመሰሉ ካህናት ሥራ በየቤቱ ተሸፍኖ ሲቀር ጠበሉ ከተማ ገባ። አማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ ሕዝቡ ደግሞ ብዙ ነው፤ ሆስፒታሉ ያልበቃው ወደ ጠበል ሄደ። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም ከመቶ ዓመት በኋላ ስሟ የሚነሳው በጠበሏ ሆነ። እኔ በሠራሁበት ክፍል ብዙዎቹ የሚመጡት በጠበል በኩል አልፈው ነበር፤ በእጃቸው አንጓ ላይ የሰንሰለት ቁስል ያለባቸውን በቁስል ዱቄትና በፋሻ ነው የተቀበልናቸው። በኤችአይቪም ያው ሆነ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መታደል ሲጀምር፣ ጠበልና ክኒን አንድ ላይ አይሄዱም እየተባለ ክኒኑን ያቋረጡ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው በይፋ ተናገሩ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞችና አጥማቂ ካህናት አብረው መሥራት ጀምረዋል። ካህኑ የከበደበትን በሽተኛ ወደ ሐኪሙ ይልካል፤ ሐኪሙም ጠበሉን ተው አይልም። ጥሩ ነው። ወደ ሐኪም የሚልከው ግን አጥማቂው ነው፤ በሽተኛውን ከነቤተሰቡ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀውን የንስሐ አባት ጠርቶ ያማከረ እስካሁን አላጋጠመኝም።