ከወንዝ ማዶ ያለ ሠፈር፤ የአንዲት የእንግሊዝ የገበያ ከተማ ታሪክ

የአንድ ሠፈር ጸጥታ ሰዎች ስለ መሬት፣ ስለ ሥራና ስለ ሥልጣን ያካሄዱት ረዥም ትግል ካለፈ በኋላ የሚቀር ደለል ነው። የእንግሊዝን የገበያ ከተሞች በልብ ወለድና በቴአትር ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ግን የሚያገኘው ከዚህ የራቀ ሥዕል ነው። በረድፍ የቆሙ የጡብ ቤቶች፣ የተከረከመ አጥር፣ በሰዓቱ የሚሰማ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በአንድ መንገድ ዳር የሚኖር ቤተሰብ ይታዩታል። ሥዕሉ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። ጉድለቱ መነሻ የሌለው መሆኑ ነው። መነሻውን ለመረዳት አንዲት ከተማንና በውስጧ የሚገኘውን አንድ ሠፈር መመርመር ይበቃል። ከተማዋ ባንበሪ፣ ሠፈሩ ግሪምስበሪ ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ባንበሪ ከኦክስፎርድ በስተሰሜን በቸርዌል ወንዝ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከ12ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአካባቢው ገበሬ እህሉን፣ በጉንና ከብቱን እየነዳ የሚገናኝባት የሐሙስ ገበያ ነበራት። በእንግሊዝኛ ትምህርት የጀመረ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ስለ ባንበሪ መስቀል የሚነገረውን የሕፃናት መዝሙር ሰምቶ ይሆናል። የጥንቱን መስቀል ግን በ1600 ገደማ ፒዩሪታን የተባሉት አክራሪ ፕሮቴስታንቶች አፍርሰውታል። ዛሬ በአደባባዩ ቆሞ እንግዳው ሁሉ የጥንት ቅርስ አድርጎ የሚያየው መስቀል በ1859 የተሠራ ነው። የመካከለኛው ዘመን ታላቅ ቤተ ክርስቲያኗም በ1790 ፈርሶ በሌላ ተተክቷል። እንግዲህ በዚች ከተማ ጥንታዊ መስሎ የሚታየው ነገር ብዙ ጊዜ አዲስ ነው፤ የጸና መስሎ የሚታየውም አንድ ጊዜ የፈረሰ ነው።

የከተማዋ ሥልጣን የማን እንደ ነበር በአንድ ቁጥር መግለጽ ይቻላል። እስከ 1832 የምርጫ ማሻሻያ ሕግ ድረስ የባንበሪን የፓርላማ እንደራሴ የሚመርጡት 18 ሰዎች ብቻ ነበሩ። እነዚህም የማዘጋጃ ቤቱ ሹማምንት ሲሆኑ፣ በጎረቤት በሮክስተን ግቢ የተቀመጠው የኖርዝ ባላባት ቤተሰብ ፈቃድ ፈጻሚዎች ነበሩ። በዚህም መንገድ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ከእንግሊዝ እጅ ሲወጡ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሎርድ ኖርዝ ከ1754 እስከ 1790 ድረስ የባንበሪ እንደራሴ ሆኖ ቆይቷል። ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ጫማ ሰፊው፣ ገበያተኛው ሁሉ ከከተማዋ ይኖራል እንጂ ከተማዋ የእርሱ አልነበረችም።

በዚሁ ጊዜ ከሥር ሌላ ኃይል ይንቀሳቀስ ነበር። በ1778 የኦክስፎርድ ቦይ ባንበሪ ደረሰና የድንጋይ ከሰል በጀልባ ይገባ ጀመር። በ1830 ረሀብ ያስጨነቃቸው የእርሻ ሠራተኞች የክረምት እንጀራቸውን የነጠቃቸውን የእህል መውቂያ መኪና በከተማዋ ዳርቻ በኒትሮፕ አቃጠሉ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ ይህችው ከተማ የእርሻ መኪና መሥሪያ ሆነች። በርናርድ ሳሙኤልሰን የተባለው ከበርቴ በ1840ዎቹ መጨረሻ አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ተረክቦ አስፋፋውና የአጨዳ መኪና ወደ ብዙ አገር ይልክ ጀመር። በ1850 ባቡር ገባ። ታሪክ እንዲህ ያለ ምፀት ይወዳል፤ አባት መኪና ሰብሮ ሲፈረድበት ልጅ ያንኑ መኪና እየገጣጠመ ደመወዝ ይቀበላል።

የፋብሪካው ሠራተኛና የባቡሩ ሠራተኛ የሚያድሩበት ቦታ ያስፈልግ ነበር። ከባቡር ጣቢያው ወዲያ፣ ከቸርዌል ማዶ የግሪምስበሪ ማሳ ተዘርግቶ ይታያል። ወንዙ የአስተዳደር ወሰን ስለ ነበረ ማዶው የኖርዛምፕተንሸር ግዛት ነው። የሠፈሩ ልደት ምሥጢር የሚገኘው በዚህ ወሰን ላይ ነው።

በ1430 የወጣ አሮጌ ሕግ፣ በዓመት 40 ሺሊንግ፣ ማለትም ሁለት ፓውንድ የሚያወጣ ርስት ያለው ሰው በካውንቲው ምርጫ ድምፅ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር። ሕጉ ሲወጣ የታሰበው ድሀውን ከምርጫ ለማራቅ ነው። ይሁን እንጂ በአራት መቶ ዓመታት ውስጥ የገንዘብ ዋጋ ስለ ረከሰ 40 ሺሊንግ ለአንድ ባለሙያ ሠራተኛ የማይደረስበት ተራራ መሆኑ ቀረ። ይህን ቀዳዳ ያስተዋሉ ሰዎች በ1847 በበርሚንግሃም ከተማ በጄምስ ቴይለር መሪነት የመጀመሪያውን የርስት ገዢዎች ማኅበር አቋቋሙ። አሠራሩ እቁብን ለሚያውቅ ሰው ባዕድ አይሆንም። አባላቱ በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም ያዋጣሉ፤ ማኅበሩ በተጠራቀመው ገንዘብ ሰፊ ማሳ በጅምላ ይገዛል፤ መንገድ ያወጣል፤ መሬቱን ሸንሽኖ ለአባላቱ ያካፍላል። እያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የቤት መሥሪያ ነው፤ የምርጫ ካርድም ነው።

ባንበሪም የራሷን ማኅበር አቋቋመች፤ በ1850ዎቹም የግሪምስበሪ ማሳ ተሸነሸነ። ኖርዝ ስትሪት፣ ሳውዝ ስትሪት፣ ሴንተር ስትሪት የተባሉት መንገዶች በስማቸው እንኳ በወረቀት ላይ በማስመሪያ የተሰመሩ መሆናቸውን ይናገራሉ። በየበሩ ደፍ የቆመው ባለቤት የባላባት ጭሰኛ አልነበረም።

ይህ ድል ነው፤ ወሰኑን ግን መሸሸግ አይገባም። የሳምንት ቁጠባ ማዋጣት የሚችለው ባለሙያው፣ ጸሐፊውና ባለሱቁ ነው። የቀን ሠራተኛው በዚያው ሠፈር ተከራይ ሆኖ ቀረ። ሴቶች በ1918 በከፊል፣ በ1928 በሙሉ መብት እስኪያገኙ ድረስ ድምፅ አልነበራቸውም። ድምፅ የነበረውም ቢሆን እስከ 1872 ድረስ ምርጫውን በአደባባይ፣ አከራዩና አሠሪው እየሰሙት መናገር ነበረበት። ከዚህም በላይ አጥር ያገኘ ሰው አጥሩን መጠበቅ ይጀምራል። የርስት ትግል የወለደው ሠፈር ውሎ አድሮ ባለርስትንና ተከራይን፣ ነባርንና መጤን ለየ።

ኑሮው ግን ከዚህ ክፍፍል በላይ የጋራ ነበር። ቤቶቹ ግድግዳ ይጋራሉ፤ የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል። ከኋላ ጠባብ ጓሮና የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ከዳርቻው ድንችና ጎመን የሚተከልበት የኪራይ መደብ አለ። ሲታመሙ መታከሚያ፣ ሲሞቱ መቀበሪያ የሚሆን ገንዘብ የሚዋጣበት፣ የእኛን እድር የሚመስል የመረዳጃ ማኅበር ነበር። የእሑድ ጸሎት ቤትና የቅዳሜ መጠጥ ቤት ሰውን ያሰባስባሉ። በአጥር ላይ ሆኖ መነጋገር፣ በወሊድና በሐዘን ጊዜ መድረስ የጎረቤት ግዴታ ነው፤ ሳይጠሩ ቤት ዘልቆ መግባት ግን ነውር ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ታላቁ የከብት ገበያ በግሪምስበሪ ስለ ተቋቋመ፣ የሠፈሩ ሰው የከብት ግሣትና የጨረታ ጩኸት እየሰማ ኖረ። ገበያው በ1998 ተዘጋ።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአሉሚኒየም ፋብሪካ በከተማዋ ሲከፈት ከየአገሩ አዲስ ወዛደር ጎረፈ። በ20 ዓመት ውስጥ 13 ሺህ ያህል የነበረው ሕዝብ ወደ 19 ሺህ ከፍ አለ። ማርጋሬት ስቴሲ የተባለችው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ከ1948 እስከ 1951 በከተማዋ ባካሄደችውና በ1960 ባሳተመችው ጥናት፣ ይህ ሕዝብ በመደብ ብቻ ሳይሆን በባህልም የተከፈለ መሆኑን አሳየች። በአንድ ወገን የቤተሰብ ስምን፣ ሃይማኖትንና የቆየ ማዕረግን መለኪያ የሚያደርጉ ነባሮች፣ በሌላ ወገን በእነዚህ ሚዛኖች ሊመዘኑ የማይፈልጉ መጤዎች ነበሩ። ሁለቱ ወገኖች በአንድ መንገድ እየኖሩ በአንድ ማኅበር አይቀመጡም።

ሂደቱ በዚህ አላበቃም። በ1960ዎቹ ከለንደንና ከበርሚንግሃም የተዛወሩ ቤተሰቦች የሠፈሩባቸው አዳዲስ የማዘጋጃ ቤት መንደሮች ተሠሩ። አንድ ታላቅ የምግብ ፋብሪካም ከበርሚንግሃም መጥቶ፣ ቡና የማይበቅልባትን ከተማ አየር በቡና ሽታ ሞላው። ከፓኪስታን የመጡ ቤተሰቦች በግሪምስበሪ ሠፈሩ፤ ከ2004 ወዲህ ፖላንዳውያን ተከተሉ። በ2021 ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ ከ54 ሺህ በላይ ሆኗል። በ1930ዎቹ መጤ ይባል የነበረው የአሉሚኒየም ሠራተኛ ልጅ ግን ዛሬ የሠፈሩ ሽማግሌ ነው፤ አባቱ የተሰደበበትን ቃል በአዲሱ ጎረቤት ላይ ሲሰነዝር ሊሰማ ይችላል።

ለደራሲው፣ ለመምህሩና ለቴአትር ሰው ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለ ረጋ ሠፈር መጻፍ ያማረ ሥራ ነው፤ ሰው ያለ ጎረቤት፣ ያለ ትዝታና ያለ ሥር አይኖርምና። ነገር ግን ሥሩ መቼ እንደ ተተከለ የማይናገር ጽሑፍ፣ ነባሩን የመሬቱ ፍሬ፣ መጤውን የነፋስ ገለባ አድርጎ ያቀርባል። የግሪምስበሪ ታሪክ ይህን ያፈርሳል። በዚያ ሠፈር ከመሬቱ የበቀለ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ወንዙን ተሻግሮ የመጣ ነው። ልዩነቱ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ መሻገሩ ብቻ ነው። ስለዚህ የሠፈር ርጋታ የሚመዘነው ነባሩ ስንት ዓመት ኖረ በሚለው ሳይሆን፣ ትናንት የመጣው ሰው ነገ በሰላም የሚያድርበት መሆኑ በሚለው ነው።