እሳት አመድ እንዳይወልድ

የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ አቦርጂኖቹ፣ «አገር» ሲሉ ወንዙን፣ ዛፉን፣ አውሬውን፣ የአያቶቻቸውን አፅምና ቋንቋቸውን ሁሉ አንድ ላይ ማለታቸው ነው። አገር ሰውን ይጠብቃል፤ ሰውም አገርን ይጠብቃል። ከመጠበቂያው መሣሪያ አንዱ እሳት ነው። እሳትን በአጥፊነቱ ብቻ ለምናውቀው ይህ ግራ ያጋባልና አሠራሩን እንይ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሰሜን አውስትራሊያ፣ አርነም ላንድ በሚባለው ምድር፣ ዝናቡ ሲያባራ ሣሩ በብዙ ቦታ ከሰው ቁመት በልጦ ይቆማል። በጋው ሲገባ፣ ሣሩ ገና እርጥበቱን ሳይጨርስና ሌሊቱ ጤዛ ሳያጣ፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ እሳት ይለኮሳል። እሳቱ ዝቅ ብሎ በዝግታ ይሄዳል፤ የዛፍ አናት አይነካም፤ ሲመሽ በአብዛኛው ራሱ ይጠፋል። ከወራት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ በመብረቅም ሆነ በሰው እጅ ትልቅ ቃጠሎ ቢነሳ ቀድሞ የተቃጠለው ቦታ መንገዱን ይዘጋበታል። ታዲያ የቱ ቦታ፣ መቼ፣ በየትኛው ነፋስ ነው የሚለኮሰው? ይህ ከአዋቂ ኋላ እየተከተሉ፣ ሣሩን በእጅ እየጨበጡ የሚማሩት ነገር ነው።

እንግሊዞች በ1788 መጥተው ሲሰፍሩ ይህን ሙያ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ምድሪቱን የማንም ያልሆነች ባድማ አደረጓት። ይህን ፈጠራ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሻረው በ1992፣ ማቦ በሚባለው ጉዳይ ነው። የባሰው ግን በልጆቹ ላይ የደረሰው ነው። ከ1910 እስከ 1970 ገደማ ብዙ ሺህ ልጆች ከእናቶቻቸው ጉያ ተነጥቀው በየተቋሙና በየነጩ ቤት እንዲያድጉ ተደረገ። መንግሥት በጠቅላይ ሚኒስትር ኬቨን ራድ አንደበት ይቅርታ የጠየቀው በ2008 ነው። እኛ ልጅ ከአባቱ ሲያንስ «እሳት አመድ ወለደ» እንላለን። እዚያ ግን ልጁን ከምድጃው ዳር አንስተው ወሰዱት።

የአርነም ላንድ ድንጋያማ አምባ ሰዎችም ወደ ሚሲዮን፣ ወደ ማዕድን ሥራ፣ በጦርነቱ ጊዜም ወደ ወታደር ካምፕ እየወረዱ፣ በ1960ዎቹ አምባው ባዶ ለመሆን ተቃርቦ ነበር። ሰው ሲለቅ ትንሹ እሳት ቀረ፤ ትልቁ መጣ። እሳት የማይችለው አንቢኒክ የተባለው ዛፍ፣ የዚያው አካባቢ ብቻ የሆነው፣ ክፉኛ ተጎዳ።

ይህን ካዩት አንዱ ዕውቁ ሠዓሊና ሽማግሌ ባርዳያል ናጃመሬክ ነበሩ። በ2002 ከቤተሰባቸው ጋር ተመልሰው በአምባው ላይ ካቡልዋርናምዮ የተባለችውን መንደር አቀኑ። በ2006 ደግሞ አንድ የጋዝ ኩባንያ፣ ከፋብሪካው ለሚወጣው ጭስ ማካካሻ እንዲሆነው፣ በዓመት 1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ለመክፈል ተስማማ። በበጋው መግቢያ የሚለኮሰው እሳት ወደ አየር የሚለቀው ጋዝ ዘግይቶ ከሚነሳው ቃጠሎ ያነሰ ነውና። ሥራው 28,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት ይሸፍናል። የአያት ሙያ ደመወዝ አወጣ።

ገንዘቡ ግን ያልፈታው ነገር ነበር። አምባው ላይ ትምህርት ቤት አልነበረም። ወላጅ አገሩን ልጠብቅ ቢል ልጁ ከትምህርት ይቀራል፤ ልጄን ላስተምር ቢል ወደ ከተማ ወርዶ አገሩን ይተዋል። ናጃመሬክ በ2009 ዐረፉ። በ2015 በመንደራቸው ናዋርዴከን አካዳሚ ተከፈተ። ዛሬ ልጆቹ በገዛ ቋንቋቸውም በእንግሊዝኛም ይማራሉ፤ ከሽማግሌዎችና ከመሬት ጠባቂዎቹ ጋር ወደ ዱር ይወጣሉ። ለእኔ ከጋዙ ውል ይልቅ ትልቁ ነገር ይህች ትንሽ ትምህርት ቤት ናት። ውል ዘመን አለው። የሚተካ ልጅ ከሌለ ገንዘቡ ቢኖርም እሳቱን የሚያውቅ አይገኝም።

በ2019 እና በ2020 መካከል በነበረው በጋ በአውስትራሊያ ከ24 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ምድር ነደደ፤ 33 ሰዎች በእሳቱ ሞቱ። ያን ጊዜ ብዙዎች ወደ አቦርጂኖቹ ዞረው «አስተምሩን» አሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ ግን ልብ በሉ፤ የደቡቡ ደን የሰሜኑ ሣር አይደለም፤ ትንሹ እሳትም ለሁሉም መቅሠፍት መድኃኒት አይሆንም። ደግሞም ዕውቀት በአደጋ ቀን ከመጋዘን የሚወጣ ዕቃ አይደለም። ለሁለት መቶ ዓመት የተናቀና ልጆቹ የተነጠቁት ሕዝብ የቀረውን ይዞ መገኘቱ ራሱ ይደንቃል።

ስለዚህ መንግሥታት ስለ ነባር ዕውቀት የሚያምር ነገር ሲናገሩ ስንሰማ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ከሽማግሌው ኋላ የሚሄደው ልጅ የት አለ?