5 ሚሊዮን አምፖል ታደለ፤ ስንት ኃይል ተቆጠበ?

መንግሥት ስለ ኃይል ቁጠባ ሲያወራ ቀድመን የምንሰማው «ይህን ያህል ታደለ» የሚለውን ነው። ማደል ግን ሥራው እንጂ ውጤቱ አይደለም። ልዩነቱን በምናውቀው ነገር እንየው።

በአገራችን ከ5 ሚሊዮን በላይ ኃይል ቆጣቢ አምፖል በነፃ ታድሏል። የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች 350 ሺህ አምፖል የታደለበትን የመጀመሪያ ዙር ገምግመው በ2013 እ.ኤ.አ. ጥናት አውጥተዋል። እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ሲገመገም 4 ጥያቄ ይነሳል፦

1️⃣ ስንት ቆጠበ?
የሚታየው አምፖሉ ሳይሆን ቆጣሪው ነው። ውጤቱ በአንድ ደንበኛ በወር ከ45 እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በድምሩ 13.3 ሜጋ ዋት ገደማ ሆኖ ተገኘ።

2️⃣ ባይታደልስ ኖሮ?
መብራት ቶሎ ቶሎ ሲጠፋም ፍጆታ ይቀንሳል። ስለዚህ አምፖል የወሰደውን ካልወሰደው ጋር ማወዳደር ግድ ነው።

3️⃣ ማን ተጠቀመ?
አብዛኞቹ ትንሽ ኃይል የሚጠቀሙ፣ በብዛትም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

4️⃣ ቁጠባው ቆየ ወይ?
ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ቆየት ብሎ የወጣ ጥናት፣ እደላው ካለቀ በ18 ወር ውስጥ ከቁጠባው 20 በመቶ ገደማ እንደጠፋ አሳይቷል። አምፖል ይቃጠላል፤ ሂሳብ ሲቀንስ ደግሞ «ይብራ ተወው» ማለት ይመጣል።

ፕሮግራሙ ከሸፈ እያልን አይደለም፤ አብዛኛው ቁጠባ ቆይቷል። ግን ይህን ያወቅነው ቆጣሪ ስለታየ ነው። ነገ ሶላር ወይም ምድጃ «ታደለ» ሲባል እነዚህን 4 ጥያቄዎች እንጠይቅ።

እናንተ ቤት ያ አምፖል ደርሶ ነበር? እስከ መቼ ሠራ? ኮመንት ላይ ጻፉልን 👇