ማዝዳ አርኤክስ-7፦ የሞተር ቅየራ

እስከ 2002 እ.ኤ.አ. በተመረተው ሦስተኛው ትውልድ ማዝዳ አርኤክስ-7 ላይ ባለ 1.3 ሊትሩን መንታ ቱርቦ ሮታሪ ሞተር አውርዶ የሸቭሮሌትን ባለ 5.7 ሊትር ቪ8፣ ኤልኤስ1ን መግጠም የተለመደ ቅየራ ነው። ምክንያቱ ቀላል አይደለም፤ የሮተሩ ጫፍ ማኅተሞች ነዳጁ ያለጊዜው ሲቀጣጠል ይሰበራሉ፣ ሙቀቱም ብርቱ ነው፤ ቪ8ቱ ግን ቱርቦ ሳይጠብቅ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ይጎትታል። ፊቱን ያከብደዋል የሚለው ተቃውሞ የሚመስለውን ያህል አይጸናም፤ የኤልኤስ1 ብሎክም ቴስታታም አልሙኒየም ነው፣ ከሮታሪው ጋርም ቱርቦዎቹና ኢንተርኩለሩ አብረው ይወርዳሉ።

ይበልጥ የሚያሳስበው ከሞተሩ በኋላ የሚመጣው ወጪ ነው፦ ካምቢዮ፣ ራዲያተር፣ የሞተር ማሰሪያ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ጉልበቱን የሚችል ዲፈረንሻል። ስለዚህ ኮምፕረሽኑ ጤናማ የሆነ ሮታሪ ማቀዝቀዣው ቢሻሻልለት ይሻላል፤ ቅየራው የሚያዋጣው ሞተሩ ሙሉ እድሳት ሲጠይቅ ነው።