የራስን ማወቅ

እህቴ የስኳር በሽታ እንዳለባት ሲነገረን የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነበርኩ። ሐኪሙ «የራሷ መከላከያ ነው ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሴሎች ያጠቃው» አለን። እናቴ ግራ ገባት። «እንዴት የራሱን አያውቅም?» አለች።

ጥያቄዋ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ያወቅኩት ኋላ ነው። በ1882 (እንደ አውሮፓውያን) የሩሲያው ባዮሎጂስት ኢልያ ሜችኒኮቭ ሲሲሊ ውስጥ፣ መሲና ላይ፣ በአንድ የኮከብ ዓሣ እጭ ውስጥ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውታል። በላተኛ ሴሎች የወራሪ ጠላት ተብለው የታወቁት ከዚያ ወዲህ ነው። ጀርመናዊው ፖል ኤርሊክ ደግሞ ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ የሚያግደው ነገር መኖር አለበት አለ። በ1908 ሁለቱ ኖቤልን ተካፈሉ።

በ1973 ኒው ዮርክ ላይ ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን በአይጥ ጣፊያ ውስጥ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያለው ሴል አገኙ፤ ዴንድሪቲክ ሴል አሉት። ይህ ሴል ካለበት አካባቢ ቁርጥራጭ ይለቅማል፣ ፕሮቲኑን ይከታትፋል፣ ከዚያ ወደ ሊምፍ እጢ ሄዶ ለቲ ሴሎች ያሳያል።

ጀርም በሌለበት ጊዜስ? ያኔም ይለቅማል። ዕድሜያቸውን ጨርሰው ከሚሞቱ ሴሎች ይወስዳል፣ በሕይወት ካለ ጎረቤትም ቆንጠር ያደርጋል። በ2001 የስታይንማንና የሚሼል ኑሰንዝዋይግ ቡድን በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ ያለ አደጋ ምልክት የቀረበ ፕሮቲን ቲ ሴሎችን ለውጊያ አያስነሳም። ለጥቂት ጊዜ ይባዛሉ፣ ከዚያ አብዛኞቹ ይጠፋሉ፤ የቀሩትም ዝም ይላሉ።

ይሄ ነገር ለእኔ ሙያ ቅርብ ነው። ሰርቨር ሲወድቅ ብቻ ሎግ የሚሰበስብ ሲስተም ጤነኛ ቀን ምን እንደሚመስል አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር አደጋ ይመስለዋል። ሰላምም መረጃ ይፈልጋል።

ስታይንማን በጣፊያ ሳይሆን በቆሽት ካንሰር ታሞ፣ ከራሱ ዴንድሪቲክ ሴሎች የተሠራ ሕክምና ሁሉ ሞክሮ፣ በ2011 የኖቤል ሽልማቱ ሊታወጅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሞተ።

ባለፈው ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። «እማዬ፣ የራሱን ሲወለድ ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ በየቀኑ ይማራል» አልኳት።

«የሷ ታዲያ የቱ ጋ ነው የሳተው?»

መልስ አልነበረኝም። እህቴ ከፍሪጅ ኢንሱሊኗን አውጥታ ምሳ እስኪቀርብ ትጠብቃለች።